ጀሶው ከወጣ በኋላ ልጄን ወጌሻ ጋ ልውሰደው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ9 ዓመት ልጄ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ግራ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። ጎረቤቶች ወዲያው ወጌሻ ጋ ወሰዱት፤ በቀርከሃና በጨርቅ ጠፍሮ አሰረለት። ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። ጣቶቹ አብጠው ሲቀዘቅዙ አባቱ እስሩን በመቀስ ቆርጦ ፈታለትና ሆስፒታል ሄድን። ራጅ አንሥተው፣ አጥንቱን አስተካክለው ጀሶ አደረጉለት። ሐኪሙ «የሚያድግበት ቦታ ተነክቷል፣ ክትትል ያስፈልገዋል» አለን። ጀሶው ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። እጁ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፣ እንደ ልብም አይታጠፍለትም። አያቱ «ወጌሻ ጋ ሄዶ ይታሽ፣ ይስተካከላል» ይላሉ። ልውሰደው? እጁስ አጭር ሆኖ ይቀር ይሆን? ለአጥንቱ ምን ላብላው?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይውሰዱት። አያቱ ለልጁ አስበው እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን አሁን ይህ እጅ መታሸትም መጎተትም የለበትም። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

በቅድሚያ ስለዚያ ሌሊት ትንሽ ልበል። አባቱ መቀስ ማንሣቱ የልጁን እጅ ሳያተርፈው አልቀረም። አጥንት ሲሰበር ዙሪያው ይደማል፣ ያብጣል። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እየጨመረ ነው የሚሄደው። ጠዋት ልክ የነበረ እስር ማታ ያንቃል። የክንድ ጡንቻዎች ደግሞ ብዙም በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ናቸው። ከውጭ ጨርቁ፣ ከውስጥ እብጠቱ ሲያጨናንቃቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ለ6 ሰዓት ያህል ደም ያላገኘ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። የሞተ ጡንቻ ተመልሶ አይሠራም፤ ጣቶቹ ተኮራምተው ይቀራሉ። ሲብስ ጋንግሪን ይሆናል፤ ማለትም የአካሉ ክፍል ሞቶ ይጠቁራል።

በአገራችን ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጠበቀ እስር ነው። ብዙ ሰው «ሆስፒታል ከሄደ ይቆርጡታል» ብሎ ይፈራና ወጌሻ ጋ ይቆያል። ከዚያ ጣቱ ጠቁሮ ይመጣል፤ ያኔ ሐኪሙ ምርጫ የለውም። ወሬውም «ሆስፒታል ሄዶ ተቆረጠ» ተብሎ ይዛመታል።

ወጌሻ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ቅርብ ናቸው፣ ክፍያቸው አይከብድም፣ ሰውም ያከብራቸዋል። የወለቀ ትከሻ ቦታው የሚመልሱ እጀ መልካሞችም አሉ። ነገር ግን ወለምታን፣ ውልቃትንና ስብራትን በጣት ዳብሶ መለየት ለእኛም ያስቸግረናል። ራጅ የምናነሣው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ልጅ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል።

የልጅ አጥንት የአዋቂ አጥንት ትንሹ ቅጂ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ወደ 300 የሚጠጉ የአጥንት ቁርጥራጮች አሉት። ገና አጥንት ያልሆነ ብዙ ልም አጥንትም አለው። እያደገ ሲሄድ ቁርጥራጮቹ ይገጣጠሙና አዋቂ ላይ 206 ይሆናሉ። ረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ ከልም አጥንት የተሠራ ስስ ንብርብር አላቸው። ሐኪሙ «የሚያድግበት ቦታ» ያለው እሱን ነው። እዚያ ያሉ ሕዋሳት እየተባዙ ይደረደራሉ፣ ከዚያ ካልሲየም ይገባባቸውና ወደ አጥንት ይለወጣሉ። ልጅ የሚረዝመው በዚህ ነው። ራጁን በስልክዎ አንሥተው ከሆነ አንጓው አጠገብ ጥቁር መስመር ያያሉ። እንዳይደነግጡ፤ ልም አጥንት በራጅ ስለማይታይ ነው። ጤነኛ እጁም ላይ ያው መስመር አለ።

ይህ ቦታ ከዙሪያው አጥንትና ጅማት ይልቅ ደካማ ነው። አዋቂ ሲወድቅ ጅማቱ በሚሳብበት ቦታ፣ ልጅ ላይ የማደጊያው ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል። ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ስለሚያርፍ ደግሞ አንጓው በተደጋጋሚ ይጎዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. ሳልተርና ሃሪስ የተባሉ ሁለት የቶሮንቶ ሐኪሞች ይህን ዓይነት ስብራት በአምስት ከፈሉት። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው በእነሱ አከፋፈል ነው። በብዛት የሚገጥመው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ አንጓ ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በደህና ይድናል። የልጅዎ የትኛው እንደሆነ የሕክምና ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ በቀጠሮ ቀን ይጠይቁ።

እጁ ያጥራል ወይ ላሉት፣ አብዛኞቹ ልጆች ላይ አያጥርም። ክትትል የሚያስፈልገው እጃቸው የሚያጥር ጥቂቶች ስላሉ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ርዝመቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከአንጓው በኩል ነው። የማደጊያው ቦታ ከተዘጋ ይህ አጥንት ይቆማል፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ግን ማደጉን ይቀጥላል። ያኔ እጁ ወደ አውራ ጣት በኩል ይዘምማል። ልጅዎ 9 ዓመቱ ነው፤ አንጓው ላይ ገና ብዙ ዓመት ያድጋል። ይህ በሁለት በኩል የተሳለ ነገር ነው። እድገቱ ከቀጠለ ጉብጠቱን ያስተካክልለታል። ከቆመ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቻላል፤ ስለዚህ ቀጠሮ አያሳልፉ። ከጉዳቱ በኋላ በ6ኛው ወርና በዓመቱ ራጅ ማንሣት የተለመደ ነው። ሐኪምዎ ሌላ ቀን ከሰጠዎት የእሱን ይከተሉ።

አሁን ጎበጥ ያለው ነገር ብዙም አያሳስበኝ። የልጅ አጥንት አንጓው ወደሚታጠፍበት አቅጣጫ ትንሽ ቢጎብጥ በአንድ ሁለት ዓመት ራሱን ያቀናል። ተጠማዞ የገጠመ ግን አይስተካከልም፤ ያን የሚያየው ሐኪሙ ነው። ሲነኩት ጠጠር ያለ እብጠት ካገኙ ደግሞ ምናልባት ስብራቱን ያያያዘው አዲስ አጥንት ነው። ቀስ በቀስ ይከስማል።

እንግዲህ ማሸቱ ለምን እንደሚጎዳ ልንገርዎ። የማደጊያ ቦታ ስብራት ሳምንት አሥር ቀን ካለፈው መያያዝ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ «ላቃናው» ብሎ መጎተት ያንኑ ስስ ቦታ ዳግመኛ ይቀደዋል። እኛ ራሳችን እንኳ ዘግይቶ የመጣን ልጅ ትንሽ ጎብጦ ብናየው ባንነካው እንመርጣለን። ለድርቀቱ የሚሻለው ልጁ በራሱ ማንቀሳቀሱ ነው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እጁን ይንከርና ጣቶቹን ይጨብጥ፣ ይዘርጋ፣ አንጓውን ይጠፍ። እየተጫወተ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ሌላ ሰው ግን በግድ አይጠፍለት። በአንድ ወር ውስጥ ካልተሻለው ፊዚዮቴራፒ ይጠይቁለት። ማንጎ ዛፉንና ኳሱን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። መቼም ልጅ ነውና ጠበቅ ማለት ሊኖርብዎት ነው።

ስለ ምግቡ፣ የአጥንት ሾርባ ይጠጣ፣ ይጣፍጣል። ግን ካልሲየም ከአጥንቱ ወደ መረቁ ብዙም አይወጣም። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይሰጠዋል፤ የመረቁ ከዚህ በጣም ያንሳል። እርጎና አይብም ጥሩ ናቸው። በጾም ወቅት ጎመንና የጤፍ እንጀራ ይርዱት፤ ጤፍ ከስንዴም ከበቆሎም የበለጠ ካልሲየም አለው። ሽሮና ምስር አይቅሩ፤ አጥንት ካልሲየም ብቻ አይደለምና ፕሮቲንም ይፈልጋል። ለቫይታሚን ዲ ደግሞ የባሕር ዳር ፀሐይ አለችለት፤ ውጭ ይጫወት። በደንብ ለሚበላ ልጅ የካልሲየም እንክብል መግዛት አያስፈልግም።

ከቀጠሮው በፊት እጁ እንደገና ካበጠ፣ ሕመሙ ከቀነሰ በኋላ ከተመለሰ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም አንጓው ወደ አንድ ጎን ሲዘም ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይውሰዱት። ወደፊትም እሱ ወይም ሌላ ልጅ በወጌሻም ሆነ በጀሶ ታስሮ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱን ሲያቀኑለት ከጮኸ፣ ወይም ጣቱ ከቀዘቀዘ እስኪነጋ አይጠብቁ። አንጓው ላይ ትርታ አለ ብለውም አይዘናጉ፤ ትርታ እያለም ጡንቻው ሊታነቅ ይችላል። ጨርቅ ከሆነ ወዲያው ይፍቱት፣ ጀሶ ከሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠው ያስከፍቱት።