ዘይት ከውሃ ይወፍራልን?

ጥያቄ፦ የፈሳሽ መካኒክስ መጽሐፍ እያነበብኩ ለታናሽ ወንድሜ በአማርኛ አስረዳዋለሁ። «ዘይት ከውሃ ይወፍራል» ስለው «ታዲያ ለምን ይንሳፈፋል?» አለኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? «ተርቡለንት» የሚባለውን፣ እየተናወጠና እየተደባለቀ የሚሄደውን ፍሰትስ «ድፍርስ» ማለት ያስኬዳል? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አማርኛዎ ትክክል ነው፤ የወንድምዎም ጥያቄ ተገቢ ነው። ወጥ ወፈረ ወይም ቀጠነ የምንለው ከጭልፋው አወራረዱን አይተን ነው። እየተጎተተ ከወረደ ወፍራም ነው። ይህ ፈሳሹ ለመፍሰስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይነግረናል እንጂ ስለ ክብደቱ አንዳች አይናገርም። መንሳፈፍን የሚወስነው ግን በእኩል ይዘት ያለው ክብደት ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው። ማር በሁለቱም መንገድ ውሃን ስለሚበልጥ ነገሩን ያምታታብናል።

ለትምህርት የመጀመሪያውን «ዝልግልግነት»፣ ሁለተኛውን «እፍጋት» ይበሉ። «ውሃ ዝልግልግ ነው እንዴ?» ብሎ ቃሉን የሚሸሽ አለ፤ ትዝ የሚለው ተልባ ነው። የመለኪያ ስም ግን ለትንሹም ለትልቁም ያገለግላል። አጭር ሰውም ቁመት አለው፤ ላባም ክብደት አለው። የውሃ ዝልግልግነትም አነስተኛ ነው እንጂ የለም አይባልም። «ወፍራም» በማድቤት ይኑር፤ ገመዱንም፣ ድምፁንም፣ ሰውንም ስለሚገልጽ ለፊዚክስ መጽሐፍ አይመችም።

«ድፍርስ» ግን አያስኬድም። ድፍርስነት ውሃው የያዘውን ነገር ይመለከታል፤ የእርስዎ ጥያቄ ስለ አካሄዱ ነው። የቦርከና ወንዝ በክረምት ሲሞላ አፈሩንም አዙሪቱንም አብሮ ስለሚያመጣ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የፈሳሽ ፍሰት ተመራማሪው ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ንጹሕ ውሃ በመስታወት ቱቦ እያሳለፈ መሀሉ ላይ ቀለም ለቀቀ። ውሃው በዝግታ ሲሄድ ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተጓዘ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ ተናውጦ በቱቦው ውስጥ ተበተነ። ደለል የሚባል አልነበረበትም፤ ሁከቱ ግን ነበር። ስለዚህ «ሁከታም ፍሰት» ማለት ይሻላል። ተቃራኒውን ብዙ ሰው «የተረጋጋ» ሊለው ይፈልጋል፤ ያ ስም ግን በጊዜ ለማይለዋወጥ ፍሰት ያስፈልገናል። ውሃው ሳይደባለቅ ንብር በንብር ስለሚንሸራተት «ንብርብር ፍሰት» ቢሉት እመርጣለሁ።