40 የሚለው መለኪያና 5 የሚለው ማውረጃ

ጥያቄ፦ የቤቴን ኢንተርኔት ስለካው በሰከንድ 40 ሜጋቢት ያሳያል፤ ፋይል ሳወርድ ግን ከ5 ሜጋባይት አያልፍም። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ አልተታለሉም። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸው፤ አቅራቢዎች በቢት ሲያስተዋውቁ ማውረጃ ፕሮግራሞች በባይት ስለሚቆጥሩ ብዙ ሰው ይደናገራል። ይልቅስ መለኪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ያለውን ሰርቨር (ዳታ የሚልክልዎትን ኮምፒውተር) ስለሚመርጡ፣ ውጤቱ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር የሚኖርዎትን ግንኙነት እንደማያሳይ ልብ ይበሉ። የቪዲዮ ጥሪ የሚቆራረጥብዎት ከሆነ ደግሞ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከማውረጃ ፍጥነቱ በፊት መታየት ያለበት በሚሊሰከንድ የሚገለጸው ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ መስመሩ ባዶ ሳለ፣ ሌላ ጊዜ ቤተሰብ ትልቅ ፋይል እየጫነ ሳለ ይለኩት፤ 20 የነበረው 300 ከደረሰ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ራውተሩ ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ዳታ መብዛቱ ነው። ዋይፋይ ውጤቱን ስለሚያዛባ ኮምፒውተሩን በኬብል ያገናኙት።