መሀል ላይ የተቋረጠ ፈርምዌርና የማይጠፋው ቡትሎደር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ኢኤስፒ32 ሞጁል ላይ ፈርምዌር ስጭን መሀል ላይ መብራት ሄደ። አሁን ምንም አይሠራም፤ ሞቷል ወይ? ሲሲ2652 ላይስ እንዲህ ቢሆን?» የሚል ነው። ሁለቱም ገመድ አልባ ግንኙነት ያላቸው ቺፖች ናቸው፤ ፈርምዌር ደግሞ ቺፑ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ነው።

አይዞህ፣ አልሞተም። ቺፑ ሁለት ቡትሎደር (ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) አለው። አንዱ ሲመረት ጀምሮ ሮም (ሊቀየር የማይችል ማህደረ ትውስታ) ውስጥ ያለ ነው። መብራት ቢሄድም፣ የተበላሸ ፋይል ብትጭንም እሱ አይነካም። ሁለተኛው ፍላሽ (ተጽፎ የሚጠፋ ማህደረ ትውስታ) ላይ የምንጭነው ነው። አንተ ጋ የተበላሸው ይሄኛው ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ኢፊውዝ (አንዴ ከተቃጠለ የማይመለስ የቺፑ ማስተካከያ) ተቃጥሎ መግቢያው ሆን ተብሎ ካልተዘጋ በቀር ሮሙ ሁሌም ይጠብቅሃል።

እንዴት ትጠራዋለህ? ጂፒአይኦ 0 የተባለውን ፒን ከግራውንድ ጋር አገናኝ። እንደያዝከው ኢኤን ፒኑን (ቺፑን ሪሴት የሚያደርገውን) ግራውንድ አስነክተህ ልቀቀው። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ ቺፑ ጂፒአይኦ 0ን የሚያየው ከሪሴት ሲነሳ ብቻ ነው። ከተነሳ በኋላ ብትነካው ዋጋ የለውም። እኔ ያየኋቸው «አልገባ አለኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት እዚህች ጋ ነው። ጂፒአይኦ 2 ላይም ሃይ የሚያደርገው ነገር ካለ ንቀለው። ሲሪያል ሞኒተሩን (ቺፑ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየውን ፕሮግራም) በ115200 ፍጥነት ክፈትና «ዌይቲንግ ፎር ዳውንሎድ» ካለህ ገብተሃል።

ቀጥሎ ፓወሩን እይ። ኤፍቲ232አር የሚባለው የዩኤስቢ-ሲሪያል መቀየሪያ ከራሱ የሚያወጣው 3.3 ቮልት 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። የቺፑ አምራች ኤስፕሬሲፍ ደግሞ ለኢኤስፒ32 ቢያንስ 500 ሚሊአምፔር ይላል። ስለዚህ ሞጁሉን ከሌላ ሬጉሌተር መግበው፤ ግራውንዳቸውን ግን አገናኝ።

ስትጭን ቡትሎደሩን በፍላሹ ሄክስ አድራሻ 1000፣ የፓርቲሽን ሠንጠረዡን (ፍላሹ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገረውን) በ8000፣ ፕሮግራሙን በ10000 አስቀምጥ። ኢኤስፒ32-ኤስ3 እና ኢኤስፒ32-ሲ3 በተባሉት ቺፖች ላይ ቡትሎደሩ ከ0 ነው የሚጀምረው። የሌላ ቺፕ ትእዛዝ ኮፒ ካደረግክ ሲነሳ «ኢንቫሊድ ሄደር» እያለ ይደጋግምብሃል።

ቦርዱ ጣሪያ ላይ ወይም ሩቅ ቦታ የሚሰቀል ከሆነ ግን በዋይፋይ ማዘመንን ከወዲሁ አስገባበት። ሁለት የፕሮግራም ፓርቲሽን ይኑረው፤ አዲሱ ባዶው ላይ ሲጫን አሮጌው ሳይነካ ይቆያል። ሮልባክ (ወደ አሮጌው ፕሮግራም መመለስ) በራሱ ስለማይበራ ራስህ አብራው። አዲሱ ፕሮግራም «ደህና ነኝ» ብሎ ሳያረጋግጥ ሪሴት ካደረገ ቡትሎደሩ ወደ አሮጌው ይመልሰዋል። እባክህ ይህን ማረጋገጫ ኮዱ መጀመሪያ ላይ አትጻፈው። ዋይፋይ ተገናኝቶ ሰርቨሩ ከመለሰ በኋላ ይሁን። ያለዚያ ኔትወርክ የማያገኝ ፈርምዌር ራሱን አጽድቆ ይቀራል፤ አንተም መሰላል ተሸክመህ ትሄዳለህ።

ሲሲ2652ም ሮም ላይ ቡትሎደር አለው፤ ግን ጠባዩ ይለያል። በፒን መግባት መቻልህን የሚወስነው ፍላሹ መጨረሻ ላይ ያለው ሲሲኤፍጂ የሚባል ሴቲንግ ነው። እሱ ደግሞ ከፈርምዌሩ ጋር አብሮ ይጫናል። መግቢያውን የዘጋ ፈርምዌር ከጫንክ በሲሪያል አትመለስም፤ በጄታግ (በተለየ መሣሪያ ቺፑን በቀጥታ በሚያገኝ መስመር) ፍላሹን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የግድ ይሆናል። ከመጫንህ በፊት ፋይሉ መግቢያውን ክፍት እንዳደረገና የትኛውን ፒን እንደሚጠቀም አጣራ።