ጠይቁን፦ ተውኔትና የዜማ ቴአትር በአንድ አዳራሽ

ጥያቄ፦ ደሴ ያለን የአማተር ቴአትር ክበብ ነን። ለበጋው ሁለት አዳዲስ ተውኔቶችና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚሠራ አንድ ቴአትር ይዘናል፤ ዜማው አምባሰልና ባቲ ነው። አየርላንድ ውስጥ አዲስ ተውኔትና ኦፔራ በአንድ ወቅት አብረው እንደሚታዩ ሰማን። እኛ ያለን አንድ አዳራሽና ሦስት ሳምንት ነው። እንዴት እናፈራርቃቸው?

መልስ፦ ከዘፋኞቹ ጉሮሮ ጀምሩ። ተዋናይ በየምሽቱ መሥራት ይችላል፤ ሁለት ሰዓት የዘፈነ ሰው ግን በማግስቱ ማረፍ አለበት። በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ ያለችው ዌክስፎርድ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦፔራ ፌስቲቫል አላት። ብዙ ጊዜ የማይታዩ ሦስት ኦፔራዎች በአንድ መድረክ ይፈራረቃሉ፤ የዛሬው ዘፋኝ ነገ ያርፋል። እናንተም ረቡዕና ሐሙስ ተውኔቶቹን፣ ዓርብ ዜማውን፣ ቅዳሜ እንደገና ተውኔት፣ እሑድ ዜማውን አሳዩ። ለዘፋኞቹ የቅዳሜው ተውኔት ላይ ሚና ከሰጣችሁ ግን ዕረፍቱ ከንቱ ነው። ቀኑን ስትቆርጡ ረመዳንንም ዐቢይ ጾምንም ተመልከቱ።

በ1904 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የደብሊኑ አቢ ቴአትር በ1927 እ.ኤ.አ. ፒኮክ የተባለ ትንሽ መድረክ ጨምሯል፤ መቀመጫው መቶ ገደማ ነበር። አዲስ ጽሑፍ ትንሽ ክፍል ይወዳል። ተውኔቶቻችሁን መጀመሪያ በአንድ መማሪያ ክፍል ሠላሳ ሰው ፊት አንብቡና ሰው የተቁነጠነጠበትን ገጽ ምልክት አድርጉ። ተውኔት ከምረቃው አሥር ቀን በፊት ድረስ ሊታረም ይችላል። የዜማውን ጽሑፍ ግን ከአንድ ወር በፊት ዝጉት፤ አንድ ስንኝ ሲወጣ ክራሩም ከበሮውም መግቢያቸውን ያጣሉ። ከሙሉ ልምምዱ በፊት ዘፋኞቹ ተቀምጠው፣ ትወና ሳይኖር፣ ከሙዚቀኞቹ ጋር ብቻ አንድ ጊዜ ይዝፈኑት። የመግቢያ ስሕተት ያኔ ይለያል።

ክራር ሁለት ይሁን፦ አንዱ በአምባሰል፣ ሌላው በባቲ የተቃኘ። መሀል ላይ ቅኝት ስትለውጡ ሕዝቡ ይጠብቃል፤ አዲስ የተወጠረ ክርም መልሶ ይረግባል። የደሴ ማታ ብርድ ነው፤ ጓሮ የተቃኘ ክራር ሰው የሞላበት አዳራሽ ሲገባ ቅኝቱ ይዛባል። ስለዚህ እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ከገባ በኋላ ቃኙ።

ቃሉ በዜማ ስለሚጎተት ከኋላ ያለው ሰው አይለየውም። ኦፔራ ቤቶች ከመድረኩ በላይ ግጥሙን በጽሑፍ ያሳያሉ። ፕሮጀክተርና ነጭ አቡጀዲ ይበቃችኋል። ቁልፉን የሚጫነው ግን ዜማውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ዘፋኝ አንድ ቤት ሲዘልል ቴክኒሻን አይደርስበትም። ስንኞቹን አንድ በአንድ አሳዩ። ቤት መምቻው ስንኝ ቀድሞ ከታየ አዳራሹ ወርቁን አንብቦ ይስቃል፤ ዘፋኙ ገና ሰሙ ላይ ነው።

የመድረክ ዕቃ ጎማና ፍሬን ይኑረው። ለሦስቱም አንድ የመብራት አሰቃቀል ተጠቀሙ፤ ለአንዱ ሥራ አምፖል ካዞራችሁ በማግስቱ የሌላው ተዋናይ ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ጥያቄ፦ መብራት ቢጠፋስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጄኔሬተር ካላችሁ ከግድግዳው ማዶ አርቁት፤ ያለ ማይክ የሚሠራ ተውኔት ድምፁን አይችልም። ከሌላችሁ በመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለት የባትሪ መብራት አስቀምጡ። ተዋናዩ ባለበት ይቁም። በዜማው ቴአትር ክራሩ መምታቱን ይቀጥል፣ እሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። አሥር ደቂቃ ካለፈ ከቆማችሁበት ቃል ሳይሆን ከትዕይንቱ መጀመሪያ ቀጥሉ።