ስለ አልሸባብ ለጠየቃችሁኝ

ሽብር ከምን ይወለዳል፣ በምንስ ይመከታል ብላችሁ ብዙ ጠይቃችኋል። በደፈናው ከማወራ አልሸባብ የተባለው ታጣቂ ቡድን የሚዋጋባትን ጎረቤታችንን ሶማሊያን ይዤ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዋናው ምክንያት ሃይማኖት አይደል እንዴ? ዙሪያ ጥምጥም ምን ያስኬዳል?

መፈክሩ ሃይማኖት ነው፣ አልክድም። የአልሸባብ መሪዎችም በ2012 ከአልቃይዳ ጋር በይፋ ተቀላቅለዋል። ተራው ተዋጊ ግን ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በአፍሪካ እንዲህ ያሉ ቡድኖችን በፈቃዳቸው የተቀላቀሉ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ከመቶ 57ቱ የሃይማኖቱን መጻሕፍት እምብዛም ወይም ጨርሶ እንደማይረዱ ተናገሩ። ከመቶ 71ዱ ደግሞ በመጨረሻ የገፋን የመንግሥት እርምጃ ነው አሉ። ዘመዱ ወይም ጓደኛው የተገደለበት፣ የታሰረበት ማለት ነው። በዚያ ላይ በጥቅምት 2017 ሞቃዲሾ ዞቤ መገናኛ ላይ አልሸባብ አፈነዳው በሚባለው መኪና ከ500 በላይ ሰው አለቀ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ድህነትስ?

ድህነት ብቻውን አሸባሪ ቢያደርግ የአህጉራችን ግማሽ ቦምብ ታጥቆ ይዞር ነበር። ሥራ ላጣ ወጣት ግን ወር ጠብቆ የሚከፍል ሰው መምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አልሸባብን የፈጠርነው እኛ ነን ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ። የሶማሊያ መንግሥት የፈረሰው ፕሬዚዳንቱ ዚያድ ባሬ በጥር 1991 ሲወድቅ ነው። አል ኢትሃድ የተባለው የሶማሊያ ታጣቂ ቡድን በ1990ዎቹ አጋማሽ አገራችን ገብቶ ሆቴሎች ላይ ቦምብ ያፈነዳ ነበር። የትራንስፖርት ሚኒስትሩን ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴንን በ1996 አዲስ አበባ ላይ በጥይት አቁስሏቸዋል። አልሸባብም በ2006 ሞቃዲሾን ይዞ በነበረው በእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሥር ቀድሞ ነበረ። ሆኖም በ2006 መጨረሻ ጦራችን ሲገባ «ባዕድ ወረረን» የሚል መፈክር ሲሳይ ሆነላቸው። ጦሩ በጥር 2009 ሲወጣ ትንሹ ቡድን አብዛኛውን ደቡብ ሶማሊያ ለመያዝ ተቃርቦ ነበር።

ጥያቄ፦ ያን ያህል የሚጠሉ ከሆነ እንዴት ይህን ያህል ቆዩ? ገንዘቡስ ከየት ነው?

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አስቡ። በመንግሥት ወታደሮችና በየጎሳው ሚሊሻ ኬላ ሲያልፍ በየደረሰበት ይከፍላል፣ ያለ ደረሰኝ። አልሸባብ ኬላ ላይ ግን አንዴ ይከፍልና ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ቀጣዩ ኬላ ላይ ወረቀቷን ያሳያል፣ ያልፋል። ይህ ዝርፊያ ነው፣ ግን ሥርዓት ያለው ዝርፊያ ነው። ሞቃዲሾ ውስጥ ያለ ነጋዴም ሳይቀር ይከፍላል። ገቢያቸው በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል።

ፍርድ ቤቱም እንዲሁ ነው። መሬቱን የተነጠቀ የሞቃዲሾ ሰው መንግሥት ፍርድ ቤት ቢሄድ ጉቦና ቀጠሮ ያንገላታዋል፤ የጎሳው ጉልበት ካነሰ ደግሞ ቢፈረድለትም የሚያስፈጽምለት የለም። ስለዚህ ከከተማ ወጥቶ እነሱ ዘንድ ይከሳል። ቶሎ ይፈረዳል። ተረቺውም ፈርቶ ይለቃል። ከሳሹ አልሸባብን ስለወደደ አይደለም፣ ሌላ ዳኛ ስላጣ ነው።

ጥያቄ፦ መሪዎቹን በድሮን መልቀም አይበቃም?

የቡድኑ አዛዥ አይሮ በ2008 ተገደለ። ዋናው መሪ ጎዳኔ በመስከረም 2014 ተገደለ። ሰባት ወር ቆይቶ ኬንያ፣ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 148 ሰው ጨፈጨፉ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ ምን ያዋጣል?

ከሁሉ የተሻለው የ2022ቱ ዘመቻ ነው ባይ ነኝ። ማዕከላዊ ሶማሊያ ባለው ሂራን ውስጥ ጎሳዎቹ ራሳቸው ተነሱ። ድርቅ እየጠበሳቸው አልሸባብ ግብር ጨመረባቸው፣ ልጆቻቸው ለውጊያ ተወሰዱ፣ የውሃ ጉድጓድ ወደመባቸው። «ማአዊስሊ» የሚባሉት ሽርጥ ለባሽ ታጣቂዎች ፊት ቀደሙ፣ የሶማሊያ ጦር ተከተለ። ለዓመታት ያልተያዘ ቦታ በወራት ተለቀቀ። አዳን ያባል የተባለችው ከተማ በታኅሣሥ 2022 ነጻ ወጣች።

በሚያዝያ 2025 አልሸባብ መልሶ ያዛት። እኔ እንደማየው ጥፋቱ የውጊያው አይደለም። ከተማ ሲለቀቅ ሳይውል ሳያድር ዳኛ፣ ፖሊስና ውሃ መግባት ነበረበት። ሕዝቡ ከወታደር ኬላ በቀር ያየው ነገር ጥቂት ነው። አልሸባብ ደግሞ የተባበረውን እየለቀመ ይበቀላል። ሁለተኛ ማን ይነሳል?

ጥያቄ፦ እጃቸውን የሚሰጡትን ማመን ይቻላል?

ሙክታር ሮቦውን እዩ። የቡድኑ ምክትል መሪ ነበር። በ2017 እጁን ሰጠ። በ2018 የክልል ፕሬዚዳንት ለመሆን ሲወዳደር ታሰረ። በ2022 ደግሞ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነ። ጫካ ያለው ጓደኛው ከዚህ ምን ይረዳ? ውሉ ቀድሞ የታወቀ፣ የማይለዋወጥ መሆን አለበት። የበደላቸው ቤተሰቦችም የሚጠይቁት አላቸው፣ ይህ ግን ሁልጊዜ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ለእኛስ አሁንም ያሰጉናል?

አዎ። በ2013 ቦሌ ውስጥ ሁለት ሰዎች የያዙት ቦምብ ራሳቸው ላይ ፈነዳባቸው እንጂ ዒላማቸው የኳስ ተመልካች ነበር። በሐምሌ 2022 በመቶዎች ሆነው ሶማሌ ክልል ገብተዋል። እዚያ ድንበር ላይ መጀመሪያ የሚያያቸው ግመል ጠባቂው ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሲናገር ራሱ የሚታሰር ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።