ምናባዊ ልብ ወለድ በክፍል ውስጥ፦ የጅማ መምህራን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በጅማ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል አማርኛ የሚያስተምሩ መምህራን የጠየቋቸው ናቸው፤ በቅንፍ ያለው የጠያቂው ሰፈር ነው። መልሶቹ በሙሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያስባሉ፦ ልጆች በበር ወይም በዋሻ አልፈው የራሱ ሕግ ወዳለው ሌላ ዓለም የሚገቡበት፣ 120 ገጽ ያህል የሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈ ወይም ወደ አማርኛ የተተረጎመ የልጆች ልብ ወለድ።

ጥያቄ (ከጊንጆ)፦ መምህር፣ ክፍሌ ውስጥ 52 ልጆች አሉ፤ ያለኝ መጽሐፍ አንድ ነው። ይሆናል?

ይሆናል፤ ጮክ ብለው የሚያነቡት እርስዎ እስከሆኑ ድረስ። ልጆችን በተራ ማስነበቡን ይተዉት። አንዱ ፊደል ሲለቅም ሃምሳ አንዱ ታሪኩ ይጠፋባቸዋል፣ የሚያነበውም ያፍራል።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። 5 ደቂቃ ያለፈውን ለማስታወስ፣ 20 ለንባብ፣ 12 ለሥራ፣ 3 ደብተር ለመሰብሰብ። 200 ቃል ያለው ገጽ ልጅ ሊከተለው በሚችል ፍጥነት ሲነበብ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 8 ገጽ፣ መጽሐፉ ደግሞ በ15 ክፍለ ጊዜ ያልቃል። በሳምንት ሁለቴ ከያዙት ስምንት ሳምንት ነው። የግድ ምዕራፍ ሲያልቅ ማቆም የለብዎትም፤ በሩ ሊከፈት ሲል መጽሐፉን ማጠፍ የተሻለ ነው፣ ልጆቹ ቢያጉረመርሙም።

በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርገው በአንድ ዴስክ አንድ ያድሉ። በዴስክ ሦስት ከተቀመጡ 18 ቅጂ ይበቃል። ቃል በቃል የሚመረመረው እሱ ነው። መጽሐፉን እንዳለ ማባዛት ግን አይገባም፤ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ለማስተማር ማባዛትን የሚፈቅደው ለዓላማው በሚበቃው ልክ ነው።

ጥያቄ (ከቦሳ ኪቶ)፦ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብዬ ስጠይቅ የመጣላቸውን ይዘባርቃሉ። «ንጉሡ ዝሆን ይሆናል» አለ አንዱ። ምን ላድርግ?

ልጁ አላጠፋም። አስማት ባለበት ዓለም ሁሉ ነገር ይሆናል ብሎ ካሰበ ዝሆኑም ልክ ነው። የሚገምትበት መሠረት አልተሰጠውም። ሌላው ሥራ ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ስለሆነ መልሱ ይረዝማል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ የደብተሩን የመጨረሻ ሁለት ገጾች «የሕግ መዝገብ» ያድርጋቸው። አራት ዓምድ ያስምር፦ ሕጉ፣ ገጽ፣ የሚያስከፍለው ዋጋ፣ ተረጋግጧል ወይ። ለምሳሌ በመጽሐፉ ውስጥ በምንጩ ውሃ ፊቱን የታጠበ የእንስሳትን ቋንቋ ይሰማል እንበል። ግን በታጠበ ቁጥር አንድ የሚያውቀውን ሰው ስም ይረሳል። ሕጉ አንደኛው ዓምድ ላይ፣ መርሳቱ ሦስተኛው ላይ ይገባል። አሁን ጥያቄዎን ይለውጡ፦ «ልጅቷ ወንዙን ለመሻገር አዞውን ማናገር አለባት። የቀራት የእናቷና የወንድሟ ስም ነው። ትታጠባለች?» እዚህ ላይ ዝሆን የሚያነሳ አይኖርም። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ወገን ገጽ እየጠቀሰ ይከራከራል።

ሁለት ስህተት ይጠብቁ። የመጀመሪያው ድርጊትን እንደ ሕግ መጻፍ ነው። «ልጅቷ ታጠበች» ድርጊት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል አስገቡበት፤ ትርጉሙ ካልተበላሸ ሕግ ነው። እስከ አራተኛው ምዕራፍ ከአምስት እስከ ሰባት ሕግ መገኘት አለበት። አሥራ ሁለት ያለው ልጅ ድርጊት እየመዘገበ ነው። ሁለተኛው ስህተት፣ ገጸ ባህሪ የተናገረውን ሁሉ ማመን ነው። ክፉዋ ንግሥት «ከዚህ ደን ማንም አይወጣም» ብትል ውሸቷን ሊሆን ይችላል። አራተኛው ዓምድ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ነገሩ ሲሆን እስኪታይ ድረስ የጥያቄ ምልክት ይቆይበት።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ የመጽሐፉን ዓለም ካርታ አስልኜ ነበር፤ ሥዕል ብቻ ሆነ። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?

ሳይሆን አይቀርም በመጀመሪያው ሳምንት አስልዎት በማርከር አስደምቀውታል። ደራሲ አገሩን በአንዴ አይገልጥም። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ወንዙ በሌላ በኩል ሲመጣ ካርታው አይጠፋ፣ አይስተካከል።

አምስት ልጆች ላሉት ቡድን ግማሽ ማኒላ ይስጡ፤ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ እርሳስ ብቻ። ቦታ የሚጨመረው ገጽ ሲጠቀስ ነው፤ ከስሙ አጠገብ የገጹ ቁጥር በትንሹ ይጻፍ። አቅጣጫ ከጽሑፉ ይወጣል። «ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትጠልቅ መንደሯ ጨለመች» ካለ ተራራው ከመንደሯ በስተምዕራብ ነው። «ወንዙን ተከትለው ወረዱ» ካለ መነሻቸው ከፍ ያለ ቦታ ነው። ልጆቹ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንዲህ አንብበው ካወቁ ካርታው ቢወላገድም ግድ የለም።

ርቀቱን በሚያውቁት መንገድ ይለኩት። ከጅማ መርካቶ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱን ጨምሮ ልጅ በእግሩ ሁለት ሰዓት ይሄዳል እንበል። በቀን ስምንት ሰዓት ቢጓዝ 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአንድ ቀን መንገድ በካርታው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ያኔ የሦስት ቀኑ ጉዞ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆንና፣ አስቀድመው ያሳነሱት በረሃ ወረቀቱን ሲሞላው ያዩታል።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ ሰዋስው መሸፈን አለብኝ። ልብ ወለዱ ጊዜዬን አይበላም?

ሰዋስውን ከልብ ወለዱ ያውጡት። በአማርኛ የሚነበብ ምናባዊ ታሪክ እንግሊዝኛ የማይሰጠው ጥሩ ሥራ አለው፦ ማን ማንን «አንተ» ይላል፣ ማን ማንን «እርስዎ»? ልጅቷ የሚናገረውን አንበሳ መጀመሪያ ስታገኘው ምን አለችው? ጠባቂው ንግሥቷን እስከ የትኛው ገጽ ድረስ አከበራት? «እርስዎ» ወደ «አንቺ» የተለወጠበት ገጽ ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ የለቀቀበት ወይም ክህደቱ የጀመረበት ነው።

ሥራው፦ ስምንት መስመር ያለው ምልልስ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ልጆቹ አክብሮቱን ገልብጠው፣ «አንተ»ን «እርስዎ»፣ «እርስዎ»ን «አንተ» አድርገው፣ ደብተራቸው ላይ ይጻፉት። ስህተቱ ሁሌ አንድ ቦታ ነው፤ ተውላጠ ስሙን ቀይረው ግሱን ይረሱታል፦ «እርስዎ መቼ መጣህ?» ይሉዎታል። በቀይ ከማረም ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረግ ይሻላል፤ ጆሮው ይይዘዋል። «መጡ» ሲሆን ደግሞ አንድ የተከበረ ሰው ይሁን ብዙ ሰዎች አይለይም። ያን የሚለየው ምን እንደሆነ ከዙሪያው ካለው ጽሑፍ ያውጡት፤ ለ6ኛ ክፍል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

ጥያቄ (ከኮጪ)፦ ከልጆቼ አብዛኞቹ ቤታቸው የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ተከራከሩ ስላቸው ዝም ይላሉ።

መጀመሪያ በሚቀናቸው ቋንቋ ይከራከሩ፤ ሦስት ደቂቃ በቡድን። ከዚያ ከየቡድኑ አንድ ልጅ ውሳኔውን በሁለት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ያቅርብ፣ «ምክንያቱም» የሚለው ቃል ያለበት። ዝምታው ሐሳብ ማጣት አይደለም፤ ሐሳብና ቋንቋ በአንዴ ሲጠየቁ ነው።

ለቃላት ደግሞ ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ቃሉ፣ በመጽሐፉ ምን እንደሆነ፣ እኛ ቤት ምን እንደሚባል። «ዘንዶ» ላይ ቆም ይበሉ። ልጅ ዘንዶ ሲባል የሚታየው እግርም ክንፍም የሌለው ትልቅ እባብ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ክንፉን ሲዘረጋ ሥዕሉ ይፈርስበታል። ከማንበብዎ በፊት «የዚህኛው ዘንዶ አራት እግር አለው፣ እሳት ይተፋል» ብለው ይንገሩ። «ጭራቅ» ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። «ድንክ» የሚለውን ግን በጥንቃቄ ይያዙት፤ ክፍል ውስጥ ቁመቱ አጭር የሆነ ልጅ ካለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጽል ስሙ ይሆናል።

ጥያቄ (ስም ያልተጠቀሰ)፦ ወላጅ «ልጄን ጥንቆላ ታስተምራላችሁ» ብሎ መጣ። ምን ይባላል?

ከመምጣቱ በፊት ቢነገረው ጥሩ ነበር፤ የሚነበበውን መጽሐፍና የሚሠራውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ንባቡ ሳይጀመር ይላክ። አሁን ከመጣ አይከራከሩት፤ የልጁን የሕግ መዝገብ ያሳዩት። የተጻፈው ውሸት ምን እንዳስከፈለ፣ ስግብግብነት ማንን እንደጣለ ነው። ተረት ውስጥ አያ ጅቦ ሲያወራ ማንም ጥንቆላ አይለውም፤ ዘሩ ያው ነው።

የእርስዎም ድርሻ አለ። ልጆቹ ድግምት እንዲደግሙ፣ ክታብ የመሰለ ነገር እንዲሠሩ አያድርጉ። ለትምህርቱ የሚጨምረው የለም፣ የወላጁን ሥጋት ግን እውነት ያስመስለዋል።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ከሰዓት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ድምፄ አይሰማም።

ሁልጊዜ አንድ የዝናብ ሥራ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፦ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያለ ድምፅ የሚሠራ። ካርታው ላይ ገጽ መሙላት፣ ወይም ከአንዱ ገጸ ባህሪ ለሌላው አምስት መስመር ደብዳቤ። በዝናብ ላይ እየጮሁ ማንበብ ጉሮሮም ታሪክም ያበላሻል።

ጥያቄ (ከጊንጆ)፦ ድራማ ስሞክር ሳቅና ጩኸት ብቻ ሆነ።

ድራማውን ትተው በርጩማ ያስቀምጡ። በጅማ ባለ ሦስት እግሩ አይጠፋም። አንድ ልጅ ይቀመጥና የገጸ ባህሪውን ቦታ ይያዝ፤ ክፍሉ ይጠይቀው። ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ፣ ስድስት ጥያቄ። ጥያቄዎቹ ቀድመው በብጣሽ ወረቀት ይጻፉ፤ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ ይጣል። «ፈራህ?» ይወድቃል፣ «ለምን ወደ ኋላ አልተመለስክም?» ያልፋል። ሁለት ልጆች መልሱን ከሕግ መዝገቡ ጋር ያመሳክሩ። መጽሐፉ ያልነገረው ነገር ከተጠየቀ፣ የተቀመጠው «አላውቅም» ይበል፤ ጠያቂው እንደ እንቆቅልሽ «አገር ስጠኝ» ብሎ አገር ሲሰጠው ራሱ ገጽ ጠቅሶ ይመልስ። ገጽ ካላገኘ በርጩማው ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ የማይመለስ ጥያቄ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ያዩ ልጆች መጨረሻውን እየተናገሩ ያበላሻሉ።

ወረቀት ላይ ይጻፉትና በፖስታ አሽገው ለእርስዎ ይስጡ፤ መጨረሻ ላይ ተከፍቶ ከመጽሐፉ ጋር ይነጻጸራል። ምስጢር ጠባቂ መሆን ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ (ከቦሳ ኪቶ)፦ ማርኩን እንዴት ልከፋፍል? የመጨረሻ ሥራውስ?

ከ20፦ የሕግ መዝገብ 6፣ ካርታ 4 (ለቡድን)፣ ምልልስ መገልበጥ 4፣ አዲስ ምዕራፍ 6። ለሥዕል ውበት ማርክ አይስጡ።

አዲሱ ምዕራፍ ከ150 እስከ 200 ቃል ነው፤ በሁለት ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ ይጻፍ፤ ቤት ከሄደ ታላቅ እህት ትጽፈዋለች። ከመዝገቡ ሁለት ሕግ የግድ ይሥራበት፣ አንድ ሰው ዋጋ ይክፈል፣ አዲስ ኃይል አይጨመር። ለእያንዳንዱ 2 ማርክ። ሁለት ማምለጫ አስቀድመው ይዝጉ፦ «ከእንቅልፌ ነቃሁ» ብሎ መጨረስ እና ክፉውን በሽጉጥ መግደል። ካልከለከሉ ከ52 ደብተር ግማሹ በአንዱ ያልቃል። ልጁ ተጨንቆ «ታዲያ ዘንዶው እንዴት ይሸነፋል?» ካለዎት መልሱን አይንገሩት፤ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጦ ሦስተኛውን ዓምድ እንዲያነብ ይላኩት።