በጥቅምት ንስር ለምትቆጥሩ ልጆች

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰሞኑን ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ጥቅምት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ጅቡቲ ልንሄድ ነው። ከየመን የሚሻገሩትን ንስሮች ልናይ። ስልኬ ጥሩ ፎቶ ያነሳል። ደብተር ይዞ መቁጠሩ የግድ ነው እንዴ?» ትላለች። በአንድ ቃል ልመልስላት እችል ነበር። ግን ጥያቄዋ ስንት ዓመት ያልነካሁትን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ አሰብ ላይ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። አሰብ ያኔ ወደባችን ነበረች። ሙቀቷ ሌሊትም አያስተኛም። ተሳቢ መኪኖች ሌት ተቀን ወደ መሐል አገር ይጎርፋሉ። ሰው ሁሉ ዝውውር ይጠይቃል፤ እኔ ግን ወደድኳት። ማታ ማታ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ ስንበላ የነበረው ጨዋታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ከተማሪዎቼ አንዱ የራሃይታ ልጅ ነበር። ራሃይታ ከአሰብ በስተደቡብ ያለች የአፋር መንደር ናት። ከእሷ አለፍ ሲል ራስ ዱሜራ አለ፤ ወደ ባሕሩ ገፍቶ የወጣ ድንጋያማ ባሕረ ገብ መሬት። ልጁ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አሞሮቹ ከባሕር የሚመጡት ለምንድን ነው?» አለኝ። ከባሕር? ግራ ገባኝ። «ይምጡና ላሳይዎት» አለ።

ጥቅምት 1980 ዓ.ም. ነበር። በዓሣ መኪና ተሳፍረን ሄድን። ባይኖኩላር አልያዝኩም። በዚያ ዘመን በዚያ ዳርቻ ባይኖኩላር ይዞ መገኘት ጣጣ ነበር። ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዘን ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ ሰማዩ ባዶ ነው። የልጁ አጎት መረቡን እየጠገነ «ገና ነው፤ ምድሩ ይሙቅ» ይለናል።

እውነቱን ነው። ንስር ክንፉን እየመታ ሩቅ መሄድ ይከብደዋል። ከሞቀ መሬት በሚነሳው አየር ላይ እየዞረ ይወጣል፤ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ እየተንሸራተተ ይጓዛል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አያገኝም። ስለዚህ ጠባቡን መሻገሪያ ይፈልጋል። ከየመን ወደ አፍሪካ የሚያሻግረው የባሕር መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ ደግሞ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የየመን ተራሮች ላይ ከፍታ ይዘው ይነሳሉ፤ እኛ ጋ ሲደርሱ ከፍታው አልቆባቸዋል።

መጀመሪያ ያየው ልጁ ነው። ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ አንድ ጥቁር ነጥብ። ቀጥሎ አምስት ስድስት። ቀጥሎ ጫፍ የሌለው መስመር። የደቡብ ምሥራቁ ንፋስ ወደ እኛ ይገፋቸዋል። ስቴፕ ንስሮች ናቸው፤ ከካዛኪስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚመጡ። በራሳችን ላይ ሲያልፉ የክንፋቸው ድምፅ ይሰማ ነበር። አንዱ አሸዋው ላይ አረፈና አፉን ከፍቶ ቆመ፤ ከእኛ የሚርቅበት አቅም እንኳ አልነበረውም። አጎትየው በእጁ «ተዉት» አለን። ሳንንቀሳቀስ ቆየን። ምድሩ ሞቅ ሲል ተነሳ፣ ሁለት ሦስት ዙር ዞረ፣ ወደ ምዕራብ ሄደ።

የአቆጣጠር ዘዴ ያመጣውም ልጁ ነው። መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ ያዛውራል። እኔ ሰዓቱንና ንፋሱን እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ጥቅምት በመጣ ቁጥር መንገድ ከተገኘ እንሄድ ነበር።

በዚያው 1980 ዓ.ም. ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ጅቡቲ ዳርቻ ላይ፣ ጄፍና ሂላሪ ዌልች የሚባሉ እንግሊዛውያን ያንኑ ይቆጥሩ ነበር። እኛ አናውቅም። ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራ መዘገቡ፤ ከዚህ ውስጥ ከ70 ሺህ በላዩ ስቴፕ ንስር ነው። ቁጥራቸው ታትሞ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

የእኛን ግልባጭ አዲስ አበባ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ላክሁ። መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ። አሁንም ዝም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአሰብ ስንወጣ የለበስነውን ብቻ ይዘን ነበር። ደብተሩ ትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። ልጁም የት እንደደረሰ አላወቅሁም። ዛሬ «ስንት አያችሁ?» ብትሉኝ «ብዙ» ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። ይኼ ያንገበግበኛል። ስቴፕ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ገብቷል። ምን ያህል እንደቀነሰ የሚነግረን የድሮ ቁጥር ነው። የዚያ ልጅ ጠጠሮች እዚያ ውስጥ ሊገቡ ይገባቸው ነበር።

ኮፍያ አድርጉ፣ ውሃ ያዙ እያልኩ አላሰለቻችሁም። የምለው ስለ ቆጠራው ነው። ንስሮቹ እየዞሩ ሲወጡ አትቁጠሩ፤ አንዱን ሁለቴ ትቆጥራላችሁ። ከዙሩ ወጥተው በመስመር መንሸራተት ሲጀምሩ ነው ጊዜው። መንጋው ሲበዛ በአሥር በአሥር ሂዱ። ምንም ያላለፈበትን ሰዓትም ጻፉ። ባዶ ሰዓት መረጃ ነው።

የዛሬ ልጆች ፎቶ ላይ ትቸኩላላችሁ። አንዱን ንስር በካሜራ ስታሳድዱ መንጋው ያልፋችኋል። ማታ ፖስት ይደረጋል፣ ላይክ ይሰበሰባል፣ በቃ። እንዲህ እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ አስባለሁ። ያኔ ስልክ ቢኖረን ደብተራችን ተረስቶ አይቀርም ነበር። ማታውኑ ኢበርድ ላይ፣ ማንም ያየውን ወፍ በኢንተርኔት የሚመዘግብበት ቋት ላይ፣ አስገብተን እንተኛ ነበር። የማንንም መልስ አንጠብቅም። እናንተ ይህ በእጃችሁ ስላለ እቀናለሁ። ስለዚህ ልጄ፣ አዎ፣ ደብተሩ የግድ ነው። ስልኩም የግድ ነው። ቀን ጻፊ፣ ማታ ላኪ።

ራስ ዱሜራን አታስቡት። ሰኔ 2000 ዓ.ም. የጅቡቲና የኤርትራ ወታደሮች ተዋግተውበታል። በኦቦክ በኩል ወደ ራስ ሲያን ሂዱ፤ እሱም ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ መሻገሪያው አፍ ላይ ነው።

ለጅቡቲ ገንዘብ የሌላችሁም አትዘኑ። ንስሮቹ አገራችሁ ድረስ ይመጣሉ። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ በበጋው ታገኟቸዋላችሁ። አፋር ውስጥ ደግሞ ነጩ ጥንብ አንሳ ከመንገዱ ዳር ባሉ የመብራት ምሰሶዎች ላይ ያድራል። አንዳንዱ ምሰሶ በኤሌክትሪክ ይገድለዋል። ምሰሶ ሥር የሞተ ካያችሁ ፎቶ አንሱት፤ እዚህ ላይ ፎቶው ያስፈልጋል። የምሰሶውን ዓይነት፣ ቦታውንና ቀኑንም ጻፉ። አደገኛውን ምሰሶ ለይቶ ማስተካከል የሚቻለው ቦታው ሲታወቅ ነው።